ሌሊት የታመመ የማን በሽተኛ ነው? ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሰጠው የቤተሰብ ሐኪም አገልግሎት በንጽጽር

ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ለምሳ እንኳ ሳይዘጋ ቢሠራ የሚሸፍነው 50 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 118 ሰዓት፣ ማለትም ከመቶ 70 እጁ፣ በሩ የተቆለፈበት ጊዜ ነው። የሕፃን ትኩሳት፣ የአስም መነሣት፣ የሽንት መታገድ፣ በቤቱ ተኝቶ የመጨረሻ ቀኖቹን የሚጠብቅ የካንሰር ሕመምተኛ ሥቃይ ግን ሰዓት አይመርጡም። ከእነዚህ ብዙዎቹ አምቡላንስ አያስጠሩም፤ ይሁን እንጂ «እስከ ጠዋት ይቆያል» ብሎ ለመወሰን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተደራጀው በዋናነት ለተሰበረ አጥንትና ለቆመ ልብ ስለሆነ፣ ጆሮዋን ያመማት ልጅ እዚያ ስትሄድ ከእርሷ የባሱት ሁሉ እየቀደሟት ስትጠብቅ ልታነጋ ትችላለች። በአምቡላንሱና በጠዋቱ ቀጠሮ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ማን ይሙላው፣ በምን ዓይነት ክፍያ፣ ለማንስ ተጠሪ ሆኖ የሚለው ጥያቄ፣ ብዙ አገሮች ላለፉት ሠላሳ ዓመታት መልስ ሲሰጡት፣ መልሱን ሲያፈርሱትና እንደገና ሲሠሩት የቆዩት ነው።

ንጽጽሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በወጪና በሽተኛው በሚጠብቀው ጊዜ ርዝመት ነው። ሁለቱም መለካታቸው ተገቢ ነው። ለእኔ ግን አማራጮቹን ይበልጥ የሚለያያቸው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌሊት የተሰጠው ውሳኔ ጠዋት ወደ ማን ይመለሳል? የወሰነው ሰው ስሕተት ቢኖር ይደርሰው ይሆን? በሽተኛውን ለዘለቄታው የሚያየው ሐኪምስ ሌሊት የሆነውን ያውቃል?

የጥንቱ ሥርዓት ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ ነበረው። ሐኪሙ በሽተኞቹን ሌት ተቀን በኃላፊነት ይይዛል፤ ስልኩ ቤቱ ይደወላል፤ እርሱም ቦርሳውን አንሥቶ ይወጣል። ቀስ በቀስ የአንድ አካባቢ ሐኪሞች ስድስትም አሥርም እየሆኑ ተራ መግባት ጀመሩ። ጥንካሬው ሐኪሙ ደዋዩን ማወቁ ነው። በትንሽ በትልቁ የሚደነግጥ ሰው ይሁን ወይም እስኪወድቅ ድረስ ሕመሙን የማይናገር፣ ሐኪሙ ከድምፁ ይለየዋል፤ ይህን የሚተካ ኮምፒውተር እስካሁን አልተሠራም። ድክመቱም ያንኑ ያህል ግልጽ ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ የተቀሰቀሰ ሐኪም በማግሥቱ ሠላሳ በሽተኛ ይጠብቀዋል። ሁለት ሐኪሞች ብቻ ባሉበት ገጠር ተራው በየሁለት ቀኑ ይመጣል፤ አንዱ ከታመመ ወይም ከለቀቀ ደግሞ ተራ የሚባለው ነገር ራሱ ይቀራል። ወጣት ሐኪሞች ይህን ከቤተሰብ ሕይወት ጋር ማስታረቅ እያቃታቸው ከሙያው መሸሽ ጀመሩ። ሥርዓቱ በጥናት ተመዝኖ አልተጣለም፤ የሚሸከመው ትከሻ ስለታጣ ብቻ ፈረሰ።

በምትኩ ከመጡት ውስጥ በሰፊው የተጠናው የኔዘርላንድ የሐኪሞች ኅብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአጭር ጊዜ ውስጥ ትንንሾቹ የተራ ቡድኖች ተሰባስበው ከ100 ሺህ እስከ 500 ሺህ ነዋሪ የሚያገለግሉ ትልልቅ ጣቢያዎች ሆኑ። ባለቤቶቹ የአካባቢው የቤተሰብ ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው፤ ተረኞቹም እነርሱ። ጣቢያው በሥራ ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሉ ቀን ይሠራል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሦስት ዓመት ልጇ የሚያቃጥል ትኩሳት የያዘው እናት ትደውላለች። የምታነሣው በልየታ፣ ማለትም የጥሪዎችን አጣዳፊነት በመለየት፣ የሠለጠነች ረዳት ናት። መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ትኩሳቱ አይደለም፤ ልጁ እንዴት እየተነፈሰ እንደሆነ፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ ሲጠሩት ዓይኑን ይገልጥ እንደሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ትኩሳቱ፣ ወደ ሽፍታው፣ ፈሳሽ ይወስድ እንደሆነ ትሻገራለች። የመልሶቹ ድምር ጥሪውን ከዜሮ እስከ አምስት ካሉት የአጣዳፊነት ደረጃዎች በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዜሮ ልብና ትንፋሽ የማስመለስ ጉዳይ ሲሆን፣ አምስት ምክር ብቻ የሚበቃው ነው። ጉዳዩ በምክር ከተዘጋ በጣቢያው ያለው ሐኪም የተጻፈውን አንብቦ ያጸድቃል። መታየት ካለበት ልጁን ወደ ጣቢያው ታመጣዋለች፤ መንቀሳቀስ የማይችል በሽተኛ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሾፌር በሚነዳው፣ ኦክሲጅን፣ የግሉኮስ መስጫና የልብ ማስነሻ መሣሪያ በተጫነበት መኪና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከጥሪዎቹ አርባ ከመቶ ገደማ በስልክ ምክር ያልቃሉ፤ ግማሽ ያህሉ ጣቢያው ድረስ ይመጣሉ፤ ቤት ድረስ የሚኬድላቸው ከአሥር አንዱ ገደማ ናቸው። ጠዋት የልጁ ቋሚ ሐኪም ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሌሊቱ ዘገባ ይጠብቀዋል።

የዚህ አደረጃጀት ጉልበቱ ያለው በመጠኑ ላይ ነው። መቶ ሐኪሞች ተራ ሲከፋፈሉ በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ሌሊት ጥቂት ይሆናል፤ ሾፌር፣ መኪና፣ የልየታ ሠራተኛና ኮምፒውተር መቅጠርና መግዛት የሚቻለውም ሲበዙ ነው። ዋጋውም በዚያው ላይ አለ። ርቀቱ እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ የሚያየውም ሐኪም በአብዛኛው የማያውቀው ነው። ሆኖም ያ የማያውቀው ሐኪም በማግሥቱ በዚያው ከተማ ክሊኒኩን ይከፍታል፤ ሌሊት በችኮላ የሰጠው መድኃኒት የጎረቤት ባልደረባው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ይህ መተዋወቅ በየትኛውም የውል አንቀጽ ውስጥ የማይጻፍ የጥራት መቆጣጠሪያ ነው።

ዴንማርክ ከኔዘርላንድ ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለው። ስልኩን የሚያነሣው ራሱ ሐኪሙ ሆነ፤ በስልክ ለሚጨርሰው ጉዳይም የሚከፈለው ወደ ሌላ ከሚያስተላልፈው ይበልጥ ነበር። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ የስልክ ምክር ድርሻ ወደ ግማሽ ሲጠጋ የቤት ለቤት ጉብኝት በእጅጉ ቀነሰ፤ ሕዝቡም መጀመሪያ ላይ አጉረምርሞ በኋላ ለመደው። እኔ በዚህ አሠራር የምወደው ከፍተኛ ዕውቀት ያለው ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ መቀመጡን ነው። በሂደቱ መጀመሪያ ላይ የሚፈጸም የልየታ ስሕተት ከኋላ ያለውን ሁሉ ያበላሻልና፣ እዚያ ላይ የሚወጣ ገንዘብ የሚባክን አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የኮፐንሃገን አካባቢን የሚያስተዳድረው ክልል እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚህ ወጥቶ፣ በአብዛኛው ነርሶች የሚያነሡትን፣ ሐኪሞች ከጀርባ የሚደግፉትን 1813 የተባለ የስልክ መስመር ከፈተ። የአንድ አገር ሕዝብ በሁለት ሥርዓት መገልገሉ ለተመራማሪዎች ጥሩ አጋጣሚ ቢሆንም፣ ለዋና ከተማው ሐኪሞች በግልጽ ከኃላፊነት መገለል ነበር፤ በወቅቱም በብርቱ ተከራክረውበታል።

ከዚህ በተቃራኒው ጫፍ ያለው የብሪታንያ ታሪክ ነው። እዚያም በ1990ዎቹ የሐኪሞች ኅብረቶች ተስፋፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የቤተሰብ ሐኪሞች ውል ግን ሐኪሞች ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ እንዲሁም ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀናት ያለባቸውን ኃላፊነት እንዲተዉ ፈቀደላቸው። የሚቀነስባቸው ገንዘብ በአማካይ በዓመት 6 ሺህ ፓውንድ ገደማ ነበር። ከዘጠና በመቶ ያላነሱት ተቀበሉት፤ በእውነቱ በዚያ ዋጋ ሌሊቱን ሙሉ የመተኛትን መብት ያልገዛ ሐኪም ነው የሚያስገርመው። ኃላፊነቱ ወደ አካባቢው የጤና አስተዳደሮች ዞረ፤ እነርሱም አገልግሎቱን በጨረታ ለኩባንያዎችና ለተረፉት ኅብረቶች ሰጡ። በስሌቱ ላይ የአንድ ሐኪም ሌሊት ከሌላው ሐኪም ሌሊት ጋር እኩል ነበር።

ሁለት ጉዳዮች ስሌቱ የዘለለውን አሳይተዋል። በ2005 የፋሲካ በዓል ቀናት በለንደን አንዲት የአርባ አንድ ዓመት ሴት ሕመሟ እየባሰ ሲሄድ ከተረኛው አገልግሎት ስምንት የተለያዩ ሐኪሞችን አነጋገረች። እያንዳንዱ ሐኪም ታሪኳን እንደ አዲስ ሰማ፤ ቀደም ሲል የተነገረውን በቀላሉ አንብቦ «ይህቺ ሴት ለስንተኛ ጊዜ ነው የምትደውለው?» ብሎ የሚጠይቅበት አሠራር አልነበረም። በደም መመረዝ ሞተች። በ2008 ደግሞ በካምብሪጅሸር፣ ከጀርመን መጥቶ በብሪታንያ የመጀመሪያ ተራውን የሚሠራ ሐኪም ለአንድ የኩላሊት ሥቃይ ላለበት በሽተኛ ዲያሞርፊን የተባለውን ብርቱ የሥቃይ ማስታገሻ 100 ሚሊግራም ወጋ፤ ይህ ሊሰጥ ከሚገባው አሥር እጥፍ ነበር፤ በሽተኛውም ሞተ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በአገሩ አሠራር አያውቀውም ነበር። ከዚህ በኋላ በተነሣው ክርክር ከአውሮፓ የሚመጡ ሐኪሞችን የእንግሊዝኛ ችሎታ የመፈተን ሥልጣን ለሐኪሞች ምዝገባ ምክር ቤት በ2014 ተሰጠ። ሁለቱም ሞቶች በጨረታ ሥርዓት ብቻ የሚደርሱ ናቸው ማለት አይቻልም፤ የደከመ የራስ ሐኪምም ይሳሳታል። ነገር ግን መረጃ ከአንዱ ተረኛ ወደ ሌላው አለመተላለፉና የቦታውን አሠራር የማያውቅ ሰው ብቻውን መሰማራቱ፣ ክፍት ተራዎችን መሙላት ራሱን የቻለ ግብ ሲሆን የሚመጡ አደጋዎች ናቸው።

ወደ ስልኩ እንመለስ፤ አሁን ላይ ብዙዎቹ መንግሥታት መፍትሔውን የሚፈልጉት እዚያ ነውና። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2009 116117 የተባለውን ቁጥር አስቸኳይ ላልሆነ የሕክምና ጥሪ ለይቶ አስቀመጠ፤ ጀርመን በ2012፣ ኖርዌይ በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አዋሉት። እንግሊዝ በ1998 በነርሶች የሚመለስ የምክር መስመር ከፍታ ነበር፤ በ2013 ግን 111 በተባለው ተካችው። አዲሱን ቁጥር በመጀመሪያ የሚያነሡት የሕክምና ሙያ የሌላቸው፣ ኮምፒውተር የሚያወጣላቸውን ጥያቄ የሚያነቡ ሠራተኞች ናቸው። ርካሽና ወጥ ነው። ችግሩ ኮምፒውተሩ የሚያየው የተጻፈለትን መልስ ብቻ መሆኑ ነው፤ «ደረትዎን ያምዎታል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሳል ሕመምን አስቦ «አዎን» የሚል ወጣት አምቡላንስ ሊላክለት ይችላል፤ ሥቃዩን አቅልሎ የሚናገር ሽማግሌ ደግሞ ነገ ክሊኒክ ይሂዱ ይባላል። ሙያተኛ የሆነ ሰው የመልሱን ይዘት ብቻ ሳይሆን የትንፋሹን መቆራረጥ ይሰማል። ሙያተኛ መሆንም ብቻውን ዋስትና አይደለም። በኔዘርላንድ ጣቢያዎች ሕመምተኛ መስለው በደወሉ ሰዎች የተደረገና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ሊጠየቁ ከሚገባቸው ጥያቄዎች ውስጥ የተጠየቁት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ወረቀት ላይ የሰፈረው መመሪያና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሰባት ጥሪ እየጠበቃት ያለች ረዳት የምትሠራው ሥራ አንድ አይደሉም።

የክፍያው ነገር ከሁሉም ይልቅ በግልጽ የታየው በአውስትራሊያ ነው። እዚያ የቤተሰብ ሐኪሞች ሌሊቱን ለተተኪ ሐኪሞች ድርጅቶች ማስተላለፍ የቆየ ልማድ ነው። መንግሥት ለአስቸኳይ የሌሊት የቤት ጉብኝት የሚከፍለው ወደ 130 የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርስ ሲሆን፣ ይህም አስቸኳይ ላልሆነው ከሚከፈለው በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ድርጅቶቹ በቀጥታ ለሕዝቡ ማስታወቂያ መሥራት ጀመሩ፤ በሽተኛው ምንም አይከፍልም፤ ሐኪም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። እ.ኤ.አ. ከ2010 በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት «አስቸኳይ» የተባሉት ጉብኝቶች ከእጥፍ በላይ ጨመሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ የአንድ አገር ሕዝብ የሌሊት ሕመም በዚህን ያህል ሊባባስ እንደማይችል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከተላኩት ብዙዎቹ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ያላጠናቀቁ ነበሩ። መንግሥት በመጋቢት 2018 ለእነዚህ የሚከፈለውን ቀነሰ፤ ብዛቱም አብሮ ወረደ። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት ያለው ደግሞ የረቀቀ ነው። በአንዳንድ የክፍያ ውሎች መሠረት አንድ ሐኪም ያስመዘገባቸው በሽተኞች ወደ ሌላ ክሊኒክ ከሄዱ ጉርሻው ይቀነስበታል፤ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሄዱ ግን አይቀነስበትም። ውሉን የጻፈው ሰው ሐኪሙ ማታ ክፍት እንዲሆን ሊያበረታታ ፈልጎ ይሆናል፤ በተግባር ያበረታታው በሽተኛው ውድ ወደሆነው በር እንዲሄድ ነው።

ጀርመን ኃላፊነቱን ለመንግሥታዊው የጤና መድን የሚሠሩ ሐኪሞች ማኅበራት ሰጥታለች፤ ግዴታውም የቤተሰብ ሐኪሞችን ብቻ ሳይሆን የሌላ ዘርፍ ስፔሻሊስቶችንም ያጠቃልላል። ስለዚህ የሌሊት ትኩሳትን የቆዳ ሐኪም ሊያየው ይችላል። ብዙዎቹ በቦታቸው ሌላ ሰው እየከፈሉ ይተካሉ፤ ማኅበራቱም ተራውን እየተከፈላቸው የሚሠሩ የፈቃደኞች ስብስብ አቋቁመው ነበር። በጥቅምት 2023 የፌዴራሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ፍርድ ቤት የእንዲህ ዓይነት ተረኛ የነበረን የጥርስ ሐኪም ጉዳይ መርምሮ፣ ራሱን የቻለ ባለሙያ ሊባል እንደማይችልና የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ሊከፈልለት እንደሚገባ ሲወስን፣ የባደን ቩርተምበርግ ግዛት ማኅበር ወዲያው ፈቃደኞቹን አሰናብቶ አንዳንድ የሌሊት ክሊኒኮችን ዘጋ። በሕግ ቃላት ላይ የቆመ የሌሊት አገልግሎት በአንድ ቀን ፍርድ ሊናጋ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

የሌሊቱ ጣቢያ የት ይሁን የሚለው በአንጻሩ ስምምነት እየተገኘበት ያለ ነው። ከሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ጎን ሆኖ አንድ የጋራ መቀበያ ሲኖር በእግሩ የመጣ ሰው እዚያው ተለይቶ ወደ አንዱ ይላካል። የት መሄድ እንዳለበት መወሰን የበሽተኛው ሸክም መሆኑ ይቀራል። ኔዘርላንድ በዚህ ላይ የገንዘብ ምልክት ጨምራለች፤ የቤተሰብ ሐኪም አገልግሎት፣ የሌሊቱም ጭምር፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት መድን ገቢው በየዓመቱ ከኪሱ ከሚሸፍነው የራስ ወጪ ውስጥ አይገባም፤ ድንገተኛ ክፍል ግን ይገባል፤ ይህ የራስ ወጪ 385 ዩሮ ነው። የጋራ በሩ የሌለበት፣ ማንም ሳይደውል የሚገባበት ራሱን የቻለ ክሊኒክ ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ ከ2000 ጀምሮ እንዲህ ዓይነት ማዕከሎችን ከፍታ ተጠቃሚው ብዙ ሆነ፤ የድንገተኛ ክፍሎች ወረፋ ግን እንደታሰበው አልቀነሰም። አዲስ በር አዲስ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ቀድሞ ሻይ ጠጥቶ ይተኛ የነበረው ሰው አሁን ቅርብ ነውና ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሌሊቱን ፍላጎት እንደተሰጠ ነገር ቆጥሮ ነው። ፍላጎቱ ግን የቀኑ ሥራ ነጸብራቅ ነው። ቀን ቀጠሮ ያላገኘ ማታ ይደውላል። ከዚህም በላይ አራት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ኖርዌያውያንን ያካተተ የመዝገብ ጥናት፣ ከአንድ የቤተሰብ ሐኪም ጋር ከ15 ዓመት በላይ የቆዩ ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ይልቅ የተረኛ አገልግሎት አጠቃቀማቸው 30 በመቶ ገደማ ያነሰ፣ ድንገተኛ የሆስፒታል መግባታቸው 28 በመቶ፣ የመሞት ዕድላቸውም 25 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። ሐኪም የሚቀያይሩ ሰዎች በሌላ ምክንያትም ሊታመሙ ይችላሉና ልዩነቱ ሁሉ የቆይታው ፍሬ ነው ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ ቆይታው በረዘመ ቁጥር ውጤቱ ደረጃ በደረጃ እየተሻሻለ መሄዱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሐኪሙን የሚያውቅ ሰው ጠዋት እንደሚያገኘው ስለሚያምን ሌሊቱን ይታገሣል፤ የታወቀ በሽተኛም ሥቃዩ ሳይባባስ መድኃኒቱ ይስተካከልለታል።

እንግዲህ ምርጫው የእኔ ቢሆን የምመርጠው የአካባቢው ሐኪሞች ራሳቸው የያዙትን፣ ከድንገተኛ ክፍል ጋር በር የሚጋራውን፣ ስልኩ አጠገብ ሐኪም የተቀመጠበትን ትልቅ ኅብረት ነው። ሰው ተበታትኖ በሚኖርበት ቦታ ይህ እንደማይሠራ እቀበላለሁ፤ በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስት ሐኪሞች ብቻ ባሉበት፣ ነርስ በአካል፣ ሐኪም በቪዲዮ ሆነው የሚሠሩበት ቅንብር ከዚህ ይሻላል። የሌሊት ሥራው በጥሪ ብዛት ሳይሆን በሰዓት ቢከፈል እመርጣለሁ፤ ተረኛው «አስቸኳይ» ብሎ ለመጻፍም ሆነ በሽተኛውን ከስልክ ለማባረር ምክንያት እንዳይኖረው።

ኅብረቱ ግን ከውስጥ ሊቦረቦር ይችላል። በኔዘርላንድ ክሊኒክ ያላቸው ሐኪሞች ተራቸውን፣ የራሳቸው በሽተኛ ለሌላቸው ተተኪ ሐኪሞች እየሸጡ መምጣታቸው ለዓመታት ሲያወያይ ቆይቷል። ጣቢያው ያው ነው፤ መኪናውም፣ ሾፌሩም፣ ከዜሮ እስከ አምስት ያለው ደረጃም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የልጁን ጆሮ የሚያየው ሰው ግን ጠዋት በዚያ ከተማ የሚከፍተው ክሊኒክ የለውም፤ ዘገባውን ጽፎ ይልካል፤ ሳምንት ሌላ ከተማ ተራ ይገባል። ይህ ከበዛ ኅብረቱ ስሙን እንደያዘ፣ ብሪታንያ በ2004 ወደሄደችበት ቦታ ያለ ጨረታ ይደርሳል።